ውሃውን የት ታሳድረዋለህ?

ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በአንድ ጊዜ ነው የወረደው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጄ ዓምና ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አስለብሶታል፤ አንዲት ክንድ አፈር አልተወልኝም፣ የጎመን መደቤ እንኳ ከሥሩ ነው ያለው። ዝናቡ ሲያባራ በሩ ተንኳኳ። ከኛ በታች ያለውን ቤት ተከራይታ የምትኖረው አስተማሪዋ ልጅ ናት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛዋለች።

«እማማ ይቅርታ፣ ውሃችሁ ገብቶብኝ አልጋዬ ሥር ቆሟል» አለች።

ልጄ ከውስጥ ሆኖ «ውሃው የኛ አይደለም፣ የሰማይ ነው! ሰማይን ክሰሺው!» አላት። በቀልድ ነው ያለው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። እኔ ግን ይህንኑ ቃል፣ እዚሁ ግቢ ላይ ቆሞ፣ አባቴ ሲለው ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ሁለት ጎረምሶች ዲጂኖ ይዘው እንዲመጡ አድርጌ ሲሚንቶውን ከጥግ እስከ ጥግ አስፈነቀልኩት፤ ቦዩም ዞሮ በጎን ወደሚወርደው አስፋልት ወጣ። ልጄ ለእህቱ ደውሎ «እማዬ አእምሮዋን ሳተች» አላት። ለምን እንዳደረግኩት አልነገርኩትም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ይቺ የልጅ ልጄ ናት አሁን የምትጽፍልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ፣ እንዳታሳምሪው።

ዲላ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ይሄ ሰፈራችን ቁልቁለት ነው፤ ላይ ከመንገዱ ጀምሮ ታች እስከ ወንዙ ድረስ ቤቱ እንደ ደረጃ ነው የተቀመጠው። የታችኛው ሰው ጣሪያ ከላይኛው ሰው እግር ጋር እኩል ነው። ግን ያኔ ከቤቱ እንሰቱ ይበዛ ነበር። በእያንዳንዱ ቤት ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብርብራ፣ በየድንበሩ ደግሞ ቀርከሃ። ቤቱ ራሱ ከዚያው ከጓሮው ነው የሚወጣው። ቋሚው እንጨት፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ የተጠለፈ ቀርከሃ፣ ማሰሪያው የእንሰት ቃጫ፣ ክዳኑ ሣር። ሲያረጅ ወደዚያው ጓሮ ተመልሶ ይበሰብሳል።

የሣር ክዳን ውሃ ይጠጣል። ይሄን የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ሣሩ ይጠጣል፣ ከዚያ እንሰቱ በቅጠሉ ይቀበላል፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ ቡናው። መሬት የሚደርሰው ትራፊው ነው። እኛ ልጆች ዝናብ መምጣቱን የምናውቀው በአፈሩ ሽታ ነበር፤ ድምፁ ኮሽ አይልም። ጭሱ፣ ቁንጫው፣ አይጡ ስቃይ ነው፤ የሣር ቤት ገነት ነበር አልልሽም። ግን ጎርፍ የሚባል ነገር እዚህ ሰፈር አላውቅም ነበር።

አባቴ ከመንዝ የመጣ ሰው ነው። ጀንፈል፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ከገበሬው እየለቀመ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ያቀርብ ነበር። ዛሬ ፍስሐ ገነት ገበያ ነው፣ ነገ ዱመርሶ ነው፤ ከበቅሎ ጀርባ አይወርድም። እናቴ የወናጎ ጌዴኦ ናት። አንድ ዓመት ቡናው በጣም ያዘና አባቴ ሰው የሆነ መሰለው። ቆርቆሮ ልከድን አለ። በሰፈራችን ቆርቆሮ የነበራቸው ላይ መንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች ብቻ ናቸው።

ከኛ በታች የሚኖረው ጋሽ ጅግሶ ይባላል። ቀርከሃ ሠሪ ነው፤ ቤት ይጠልፋል፣ ቅርጫት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል። ቀጭን ረጅም ሰው፣ ጣቶቹ በቀርከሃ ስንጥር የተበሉ። አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ስለሚቀላቅል እኔን «አንተ» ነበር የሚለኝ፤ እናቴ ትስቃለች፣ እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ልማድ ነበረው። ሰው ቤት ሥራልኝ ብሎ ሲመጣ፣ ቦታውን ካሳየው በኋላ ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲጥል የእንሰት ቅጠል አናቱ ላይ ደፍቶ ባዶው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው በየት እንደሚሄድ ያያል። «ውሃ እዚህ ቀድሞ ነበረ። እንግዳው ቤት ነው» ይላል። አንዳንዱ ሰው ያሾፍበታል፤ «ጅግሶ ቤት ሥራልን ስንለው ይታጠባል» ይሉታል። ግን እሱ የሠራው ቤት ወለሉ ረጥቦ አያውቅም።

የኛን ግቢና የሱን ግቢ የሚለየው ገደል ነገር ነው፤ አንድ ሰው ተኩል ይሆናል ቁመቱ። ከገደሉ ሥር የሱ ቤት ጀርባ፣ ከገደሉ አናት የኛ ቀርከሃ። አባቴ ለቆርቆሮው ቤት ቦታ አልበቃ ሲለው ቀርከሃውን ከሥሩ አስመነጠረው፣ እንሰቱንም። አናጢ ከይርጋለም አስመጣ። ጋሽ ጅግሶ ወደ ላይ ወጣ፤ የተቆረጠውን ቀርከሃ በእጁ እያገላበጠ ቆመ። የተቀየመ መስሎኝ ነበር፣ ሥራውን ለሌላ ስለሰጠነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀርከሃ መሬቱን ይዛ ነበር» አለው አባቴን።

«አንተ ጅግሶ፣ ለቀርከሃ ምን አለቀስክ፤ ወስደህ ቅርጫት ሥራበት እንጂ!»

«ቅርጫት እሠራለሁ። ቆርቆሮ ግን ውሃ አይጠጣም። ውሃውን የት ታሳድረዋለህ?»

«ውሃው የኔ ነው እንዴ? የሰማይ ነው! ከሰማይ ጋር ተጣላ!» አለና አባቴ ሳቀ። አናጢዎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ቢሆን ነው።

ቤቱ አለቀ። ምን ልበልሽ፣ ከወንዙ ማዶ ይታይ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቁጭ ብላ ስታወራ፣ ድምፁ ሲጀምር ሁሉም ዝም አሉ። አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለሽ፣ ቃል አትሰሚም። እኛ ልጆች እየጮህን ዘለልን፤ የራሳችንን ጩኸት እንኳ አንሰማውም። ሀብታም መሆን ማለት ይሄ ነው ብዬ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ግን ከጣሪያው ዙሪያ መሬቱ በገመድ የተለካ ይመስል ተቆፍሯል። አሸንዳ ያኔ ማን ያውቃል። ያ ሁሉ ጣሪያ ያጠራቀመው ውሃ በአንድ መስመር ወርዶ ምሰሶውን ሊያጋልጥ ደረሰ። አባቴ በማግስቱ ቦይ ቆፈረ፤ በአጭሩ መንገድ፣ ወደ ገደሉ። ውሃው ሄደለት። የት እንደሄደ አላየም።

ጋሽ ጅግሶ ሁለት ጊዜ መጣ። አልተቆጣም። በሦስተኛው ሚስቱ እትዬ ሎኮ መጣች፤ እርጉዝ ናት፣ ሆዷን ደግፋ ዳገቱን ወጥታ እናቴን በጌዴኦኛ አነጋገረቻት። እናቴ አፈረች። ከዚህ ተነስቶ ስምምነት ተደረገ። አባቴ በፊት ለፊት በኩል፣ በጎን ወደ ወንዙ ወደሚወርደው መንገድ የሚወጣ ረጅም ቦይ ቆፈረ። የድሮውን ግን አልደፈነውም፤ የፊት ለፊቱ ግቢ ጀንፈል የሚሰጣበት ስለሆነ ክፉ ቀን ቢመጣ ይጠቅመኛል አለ። ጋሽ ጅግሶ ይሁን አለና ለድሮው ቦይ አፍ ትንሽ በር ጠለፈለት። የቀርከሃ በር፣ ይቺን የምታክል፣ ክንድ ከስንዝር። ሁለት ችካል ተከለ፤ በሩን በቃጫ ገመድ አሰራት፤ በእንሰት ልጣጭና በጭቃ ደፈናት። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

«የውሃ ሹም አንተ ነህ» አለኝ። «በሩን መክፈት ቢቸግርህ፣ መጀመሪያ በአጥሩ ላይ ጮክ ብለህ ጥራን። እኛ ወጥተን ከጀርባ ያለውን ቦይ እንጠርጋለን። ከዚያ ትከፍታለህ። ሳትጠራ አትከፍትም። እሺ?»

«እሺ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «የውሃ ሹም፣ እንዴት አደርክ!» እያለ ባርኔጣውን ያነሳልኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ሹመቱን ከልቤ ነው የያዝኩት፤ ያን ክረምት አንድም ጊዜ አልከፈትኩም።

እትዬ ሎኮ በጥቅምት ወለደች፣ ሴት ልጅ። ኅዳር ሲገባ ቡናው ደርሶ ግቢያችን በሰሌን ተሸፍኖ ነበር፣ በሰሌኑ ላይ ጀንፈል። የአባቴ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ተዘርግቷል። አባቴ ፍስሐ ገነት ሄዷል። ያን ቀን ጠዋት እናቴ ቡላ አገንፍታ ቂቤ አፍስሳበት ለአራሷ ይዤላት ወረድኩ። ቤታቸው ውስጥ አዲስ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይሸታል። እትዬ ሎኮ ከጀርባው ግድግዳ ጥግ፣ ጋሽ ጅግሶ በጠለፈላት መደብ ላይ ተኝታለች፤ ሙቀት ያለው እዚያ ነው። ከገንፎው አጎረሰችኝ። ልጅቷን አሳየችኝ፤ ጣቴን ሰጠኋት፣ ያዘችው። ጋሽ ጅግሶ የለም፤ ማዶ የሰው ቤት ሊከድን ሄዷል።

ኅዳር ላይ እንዲህ አይዘንብም። ሰማዩ ከወናጎ በኩል ጠቆረ፣ «ያልፋል» አለች እናቴ። አላለፈም። ገና ሰሌኑን ማጠፍ ስንጀምር ወረደብን። እኔና እሷ ብቻ ነን። አንዱን ሰሌን ጎትተን በረንዳ ስናደርስ ሌላው ይንሳፈፋል። ከጣሪያው የወረደው ውሃ ሁሉ በፊት ለፊቱ ቦይ ነው የሚመጣው፤ ቦዩ ሞልቶ ግቢው ላይ ፈሰሰ፤ ጀንፈሉን እየጠራረገ ወደ መንገዱ ይዞት ሄደ። እናቴ ጭቃው ላይ በሁለት እጇ ትዝቃለች።

«ጀንፈሉ! አባትሽ ይገድለናል! መልሺው! ውሃውን መልሺው!» አለችኝ።

ሮጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ በጉልበቴ ወደቅኩ። ጭቃውን በጥፍሬ ቧጥጬ አነሳሁት። እዚያ ጋ ከጣሪያው ራቅ ስለሚል ድምፁ ይቀንሳል፤ ከታች ልጅቷ ስታለቅስ ሰማሁ። በደንብ ነው የሰማኋት። አጥሩ አጠገብ ነኝ፤ አፌን ብከፍት ትሰማኛለች። «እትዬ ሎኮ» ማለት ነው፣ ሁለት ቃል። ብጠራት አራስ ናት፣ እሷ እስክትነሳ፣ ሰው እስኪመጣ፣ እስኪጠርጉ ጀንፈሉ አለቀ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እልሻለሁ። ሰዎች ልጅ ነበርሽ፣ ደንግጠሽ ነው ይሉኛል ቢሰሙ። ደንግጫለሁ፤ ግን አስቤያለሁ። የቃጫውን ገመድ ፈታሁት። ውሃ የጠጣ ቋጠሮ ስለሆነ እምቢ ብሎኝ በጥርሴ ነው ያላላሁት። በሩን ነቅዬ አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። ውሃው እግሬን ገፍቶኝ አለፈ።

ተመልሼ በረንዳው ሥር ገባሁ። ከግቢው ውሃው ጎደለ። እናቴ ሳቀች፤ «ተባረኪ» አለችኝ፣ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። ቆርቆሮው ከላይ ይደበድባል። ከታች የሆነውን ምንም አልሰማንም። የሣር ቤት ቢሆን ኖሮ እንሰማ ነበር፤ ይሄን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

ገደሉ ቀርከሃው ከተቆረጠ ጀምሮ ሥሩ በስብሶ ባዶ ሆኖ ነበር። ክረምቱን በሙሉ የጠጣውን ጠጥቶ ቆሞ የነበረ አፈር በዚያ ውሃ ተላቀቀ። ዝናቡ ሲያባራ መጀመሪያ ያየሁት ከገደሉ አናት ላይ ቁራጭ ግቢያችን የለም። ቀጥሎ ጩኸት። የጋሽ ጅግሶ ቤት እንደተረገጠ ቅርጫት ሆኗል፤ ጎብጧል እንጂ አልተሰበረም። ሰው በዶማ መቆፈር ፈራ፤ በእጁ ነው የቆፈረው። ጋሽ ጅግሶ ማዶ ሆኖ አይቶ እየሮጠ መጣ፤ የራሱን ጠለፋ በማጭዱ እየቆረጠ ገባ። ቀርከሃው ስለተለጠጠ ከሥሩ ክፍተት ነበረ፤ እትዬ ሎኮን በሕይወት አወጣት። ክንዶቿን ደረቷ ላይ አቆላልፋ ነበር፤ ሴቶቹ ሊፈቱላት ታገሉ። ልጅቷ በመካከል ናት። አፏ አፈር ሞልቶት ነበር።

ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ አራሷን ከቦ ሲያለቅስ ጋሽ ጅግሶ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ዳገቱን ወጣ። አጥሩ ላይ የተደገፈችውን በር አነሳት። አገላበጣት። ገመዱን በጣቱ ዳበሰው፤ አልተበጠሰም፣ ተፈትቷል። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ፣ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ። አየኝ። በሩን በጋቢው ሥር አድርጎ ወረደ።

ሽማግሌዎች ከሳምንት በኋላ ተቀመጡ፤ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ናቸው፣ በሶንጎ ሥርዓታቸው፣ ከታች ብርብራው ሥር። በሶንጎ ፊት አይዋሽም፤ አባቴ መንዜ ቢሆንም ይሄን ያውቃል። እናቴ ግን ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። ስንወርድ የእጄን አንጓ ይዛ «ውሃው ሰበረው ትያለሽ። ሌላ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ደም ነው፤ አባትሽን ያስገድሉታል» አለችኝ።

አባቴን ጠየቁት። «እኔ አልነበርኩም። በሩን ውሃ ወስዶት ነው» አለ። እናቴም እንዲሁ ነው የነገረችው፤ እውነቱን ያውቅ ይሁን አያውቅ እስከ ሞቱ ድረስ አልጠየቅኩትም። ከዚያ እኔን አቀረቡኝ። ትልቁ ሽማግሌ ዓይኑ የደከመ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ።

«ልጄ፣ አትፍሪ። በሩን ማን ከፈተው?»

ጋሽ ጅግሶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። በሩ እሱ ዘንድ እንዳለች አውቃለሁ። ያወጣታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ባወጣት ኖሮ ተገላገልኩ። አላወጣትም። እኔን ነው የጠበቀው።

«ውሃው ነው» አልኩ። «ውሃው ሰበረው።»

ሽማግሌው ደግሞ አልጠየቀኝም። ጋሽ ጅግሶ ተነሳ። «እንግዲህ ውሃ ከሆነ ከውሃ ጋር ምን ክርክር አለኝ» አለ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ሹም አላለኝም። «አንተ ልጅ፣ ደህና ሁን» አለኝና ሄደ። በሳምንቱ የቀረውን ቀርከሃ አህያ ላይ ጭነው ወደ ኢዲዶ፣ ወደ ሚስቱ ወገኖች ሄዱ።

ኋላ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የእናቴ ወንድም ስለሌላ ሰው ጉዳይ ሲያወራ ሰማሁት። ሶንጎ ሰው አያስገድልም፤ ያስታርቃል። ጥፋተኛው ጥፋቴ ነው ሲል ጊደር ያመጣል፣ ሁለቱ ቤተሰብ አብሮ ይበላል፣ ነገሩ ይታጠባል። ማንም አጠፋሁ ያላለው ነገር ግን የሚታጠብበት መንገድ የለም። እናቴ የጌዴኦ ልጅ ሆና ይሄን አታውቅም? ታውቃለች። ፍርሃት አስረሳት። ወይ ጀንፈሉን ስላተረፈች አፈረች፤ እንጃ።

አባቴ የነሱን ቦታ በሰው በኩል ገዛው። አፈሩን ደልድሎ ቤቱን አስረዘመው። ከዚያ ላይኛው ሰው ቆርቆሮ ከደነ፣ ከዚያ ጎኑ ያለው፣ ከዚያ ታችኛው። ገደሉን ሁሉም እየቆረጠ ሜዳ አደረገው። ቀርከሃው አለቀ፤ ለአጥር ባህር ዛፍ መጣ፤ ደርግ ሲመጣ ግቢው ሁሉ ተቆራረሰ፤ አሁን ደግሞ ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ውሃ ከራሱ በር ያወጣል፣ የታችኛው ይቀበላል። በየዓመቱ በክረምት የአንዱ ግድግዳ ይወርዳል፤ እግዜር ቀጣን ይባላል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም ስደርስ ኖሬያለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሰው ጋር «እግዜር ያጽናችሁ» ብያለሁ።

እትዬ ሎኮን አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት። ልጆች ወልጄ ነበር። ገበያ ላይ ከሩቅ፤ አርጅታለች፣ ቅርጫት ደርድራ ተቀምጣለች። ሌላ ልጅ ወልዳ ይሆን አላወቅኩም። ከአንገቷ ቀና ብላ ሳታየኝ ዞሬ በሌላ መንገድ ሄድኩ። ጋሽ ጅግሶ መሞቱን የሰማሁት ከሰው ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ ለሙታን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስማቸውን ለቄሱ እሰጣለሁ፤ እሱ በወረቀት ይይዘዋል። የአባቴን እሰጣለሁ፣ የእናቴን፣ የባሌን፣ የሁለቱን ልጆቼን። ጋሽ ጅግሶንም ጎረቤቴ ነበር ብዬ አስጽፋለሁ፤ የክርስትና ስሙን ባላውቅም ቄሱ አይከለክለኝም። የዚያች ልጅ ስም ግን የለኝም። ያን ጠዋት ጣቴን ስትይዘው ስሟ ማነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በምን አፌ እጠይቃለሁ። አውጥተውላት ይሁን ገና ይሁን አላውቅም።

ቄሱ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ብዕሩን ከፍ አድርጎ ይጠብቀኛል። «ጨረሱ፣ እማማ?» ይለኛል።

«አዎ አባቴ፣ ጨረስኩ» እለዋለሁ።